ማሙሽ እንዲያይ

መኪና ይገድለዋል ሲባል የኖረው ሰው ጫማውን ሲያስር ሞተ። ፀሐያማ ጠዋት ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ እግሩን ጉልበቱ ላይ ሰቅሎ፣ ክሩን ጠበቅ አድርጎ ሳይጨርስ ወደ ጎን ዘንበል አለ። ሚስቱ በሩ ላይ ሆና «ተነስ እንጂ፣ ረፈደብን እኮ» ስትለው አልመለሰላትም። ሐኪሙ በኋላ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ቀጭን የደም ሥር ፈንድቶ ነው አላት። «እሺ» አለችው።

ሰውየው በመኪና ውድድር የታወቀ ነበር። ሲናገር ቃል እየመረጠ፣ ሲበላ አላምጦ አላምጦ፣ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ እየተጎተተ ስለሆነ ጓደኞቹ «ዝግታ» ይሉት ነበር፤ መሪ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ነው። ሚስቱ የዚያው ቡድን መካኒክ ናት። ሞተሩን የሚያዩ ሌሎች አሉ፤ የእሷ ድርሻ ሾፌሩ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። ወንበሩ፣ ቀበቶው፣ ሽቦው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፊት መስታወቱ። በዝናብ ቀን መስታወቱ ጉም እንዳይዝ የምትለፋውን ያዩ የሌላ ቡድን ሰዎች «የመስታወት እናት» ብለው ስም አወጡላት። ለሹፈት ነበር ያወጡት፣ ግን እዚያው ቀረ።

ለማያውቅ ሰው ሥራዋ ተራ ጽዳት ይመስላል። የውድድር መኪና እንድትቀል ተብሎ የማይረባው ሁሉ ተነቅሎ ይጣላል፤ ምንጣፉ፣ የኋላ ወንበሩ፣ የትኛውም የቤት መኪና የማያጣው ማሞቂያ ሳይቀር። ከዚያ ዝናብ ይመጣል። ከውጭ ዝናቡ መስታወቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ከውስጥ ሾፌሩ እንደ ፈረስ ያልበዋል፣ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። ያ ሁሉ እርጥበት መሄጃ ሲያጣ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ እንዳይጠርገው ትከሻውና ወገቡ በቀበቶ ታስሯል። ስለዚህ በዚያ ፍጥነት እየበረረ ይታወራል።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይወጣል። እሷ ወንበር ታቀርባለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች። አንዲት የሩቅ ዘመድ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስትንሰቀሰቅ፣ የሴትየዋን ጀርባ እየደባበሰች «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለቻት። ማን ማንን ሊያጽናና እንደመጣ ግራ የገባው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያቸው።

አማቷም አይተዋል። የባሏ እናት አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ ከልጃቸው ቀብር ወዲህ ዓይናቸው አብጦ መከፈት አቅቶታል።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል» አሉ አንድ ቀን፣ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ።

«አልመጣልኝ አለ፣ እማማ።»

«አትወጂውም ነበር አላልኩም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዲያው ግን አንዳንዴ ሳይሽ… ተይው፣ ሆድ ይፍጀው።»

ልታስረዳቸው ፈልጋ ነበር። ተኝተውበት ያደሩት ክንድ የሚሆነውን ሆኛለሁ ልትላቸው ፈለገች፤ ክንዱ የራስ መሆኑ ይታወቃል፣ ቢቆነጥጡት ግን የሌላ ሰው ነው። ነገር ግን ክንድን ከልጅ ሞት ጋር ማወዳደሩ አሳፈራት። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማእድ ቤት ገባች።

ማሙሽ የመጣው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። ማሙሽ ዋርሳዋ ነው፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። ስሙን ሰምቶ ሕፃን የጠበቀ ሰው ይደነግጣል፤ በር የሚሞላ፣ ጢሙ ሽበት የጣለበት፣ በአዘቦት ቀን የሕንፃ አሳንሰር እየጠገነ የሚያድር ጎልማሳ ነው። ዘንድሮ ሁለቱ ወንድማማቾች እየተፈራረቁ ሊነዱት የተመዘገቡት አንድ ረጅም ውድድር ነበር። ማሙሽ ኮቱን ሳያወልቅ ቆመና ተናገረ።

«ብቻዬን እነዳዋለሁ።»

እናቱ መቀመጫቸውን ገፍተው ተነሱ። «ምን አልክ አንተ?»

«እነዳዋለሁ አልኩ፣ እማዬ። እሱም ቢሆን ይነዳው ነበር።»

«አንዱ በሄደ በወሩ ሌላውን ልቅበር? የቆጡን አወርድ ብላ ሆነብህ እንዴ? ደግሞ ወቅቱ የዝናብ ነው!»

«እሱ የሞተው በመኪና አይደለም።»

«ስለዚህ አንተ በመኪና ሙትልኝ!»

ማሙሽ ወጣ። አሮጊቷ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «አንቺ ከልክይው። መኪናዋን አላዘጋጅም በይው። በዝናብ ያለ አንቺ እጅ አይወጣም፣ ያውቀዋል።»

እውነታቸውን ነው። እሷ እምቢ ብትል ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። እሺ ለማለትም እምቢ ለማለትም ውስጧን ፈተሸች፤ የሚነሳ ነገር ጠፋ። ቢነዳ አትፈራም፣ ባይነዳም ደስ አይላትም። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ትንሽ መፍራት ወይም ትንሽ መፈለግ ያስፈልጋል። በማግስቱ ቱታዋን ለብሳ ወደ ጋራዥ የሄደችው እግሯ መንገዱን ስለሚያውቀው ነው።

አማቷ አኮረፏት። ምግብ ያቀርቡላታል፣ ቃል ግን አይወጣቸውም። የውድድሩ ዋዜማ ላይ ዕቃዋን ስታሰናዳ መጥተው የበሩን መቃን ተደገፉ።

«እምቢ ካልሽኝ፣ እንግዲያው ማየቱን ጠብቂልኝ። ካየ ይመለሳል።»

«እሺ፣ እማማ።»

በማግስቱ ሰማዩ ገና ከማለዳው ተቀደደ። አሮጊቷ እቤት አልቀመጥም ብለው አብረው መጡ፤ ግን ከግቢው ውጭ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ በቤተሰቡ መኪና ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለመወዳደሪያው መንገድ ሰጥተው ተቀመጡ። ውረዱ ቢባሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

እሷ በጋራዡ ውስጥ ሥራዋን ጀመረች። መጀመሪያ መስታወቱን ከውስጥ በአልኮል ጠረገች። የሰው ጣትና የሞተር ጢስ የሚተዉት ቅባት ካለ እንፋሎቱ እሱን ጨብጦ ነው የሚቆመው። አዲስ ጨርቅ ይዛ ከላይ ወደ ታች፣ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር። ቀጥላ ጉም የሚከላከለውን ፈሳሽ ስስ አድርጋ ቀባች፤ እስኪደርቅ ጠብቃ ደገመችው። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን ትንሽ ማራገቢያ አስነሳችና የቱቦው አፍ ላይ መዳፏን ዘርግታ ለብ ያለው አየር መስታወቱ ጋ መድረሱን አየች። የኋላ መስኮቱን ቀዳዳዎች ከፈተች። አየር መግቢያ ብቻ ተሰጥቶት መውጫ ካጣ ከስብሰባ አዳራሽ አይሻልም፣ ይል ነበር ባሏ፤ ሁሉም ይተነፍሳል፣ አንድም ነገር አይጠራም። ቀልዱ ትዝ አላት። የሚያስቅ መሆኑንም አስታወሰች። ከጎማው በላይ ያለውን ስንጥቅ በፕላስተር ደፍና ወለሉን አደረቀች።

እጇ አልተሳሳተም። እሷ ግን ከኋላ ቆማ የሌላ ሴት እጅ የምታይ ይመስላት ነበር።

«የረጠበ ነገር እንዳይገባ» አለችው ማሙሽን። «ጓንት ቢሆን፣ ፎጣ ቢሆን። ምንም።»

«ገባኝ፣ እትዬ።»

መኪኖቹ መነሻው ላይ በዝናቡ ተሰልፈው ሾፌሮቻቸውን ጠበቁ። ማሙሽ ከጋራዡ እየሮጠ ሲመጣ ራሱንና ትከሻውን በአንድ ወፍራም ነገር ተከናንቧል። እሷ አላየችውም ማለት ይቻላል፤ በሩ ሥር ተንበርክካ ጫማው እንዳይረጥብ ያሰረችለትን ፕላስቲክ እየፈታች ነበር። ፕላስቲኩ ሲወልቅ የጫማው ክር ፊቷ ላይ ሆነ። ጠበቅ ብሎ ታስሯል። ክሩን ለአፍታ አየችው፤ ፕላስቲኩን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። ቀበቶውን በወዲያኛው በር በኩል ያሰረለት የቡድኑ አለቃ ነው። ማሙሽ ተከናንቦት የመጣው ነገር የት እንደገባ ማንም አልጠየቀም። በሩን ዘጋች።

አለቃው ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት፣ ድምፁ በሞተር ጩኸት የሻከረ ሽማግሌ ነው። እሱና እሷ ጋራዡ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አጠለቁ። ውድድሩ ተጀመረ። መኪኖቹ ሲያልፉ የሚታየው የውሃ ግድግዳና መብራት ብቻ ነበር። አንዱ ሾፌር ተንሸራትቶ ወጣ፤ ሌላው መስታወቱ ጉም ይዞበት ገብቶ ቆመ፤ ሌላውም ተከተለው። ማሙሽ አንድ አንድ እያለ ከኋላ ተነስቶ ሦስተኛ ሆነ።

«እንዴት ነው የሚታየው?» ይላል ጋሼ በሬዲዮ።

«እንደ ምንጭ ውሃ!» ይላል ማሙሽ።

ጋሼ እጁን እያሻሸ ዳንኪራ ሊመታ ደረሰ። «ባልሽ ቢያየው!» ካለ በኋላ ምላሱን ነከሰ።

«አዎ» አለች።

ውድድሩ ከተጋመሰ በኋላ የማሙሽ ድምፅ ወረደ። «ግራ ጥጉ ነጭ እየሆነ ነው።»

ማይክሮፎኑን ተቀበለች። «ማራገቢያው ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል።»

«ወደ ደረትህ ተንፍስ፣ ወደ ፊት አይሁን።»

«እሺ።»

አንድ ዙር ጠበቀች። ውሃው ከየት ሊመጣ ይችላል? ፕላስተሩ ስንጥቁን ይዞታል፤ ወለሉን አድርቃለች። ያልደረቀ ነገር ከሌለ ግራው ብቻ አይሸፈንም ነበር። «አሁንስ?»

«አያለሁ።»

ያንን «አያለሁ» ታውቀዋለች። ባሏም አንገቱን ሲያመው «ደህና ነኝ» የሚለው በዚሁ ድምፅ ነበር።

«ከፊትህ ያለው መኪና ስንት መብራት ይታይሃል?»

«አንድ።»

«ሁለት ነው ያለው፣ ማሙሽ።»

ማይክሮፎኑን ለአለቃው መለሰች። «ጋሼ፣ ይጥሩት።»

«ሦስተኛ ነው እኮ ያለው! ትንሽ ቢታገሥ…»

«ግማሽ መንገድ አይታየውም። ይጥሩት።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮኽበት ኖሮ ይከራከራት ነበር፤ በዚያ ድምፅ ግን የሚከራከር ነገር አላገኘም። ማሙሽን ጠራው። ማሙሽ አልገባም አለ። ግባ ተብለሃል አለው። «አያለሁ አልኩ እኮ!» ብሎ ጮኸ ማሙሽ። እንደገና ማይክሮፎኑን ወሰደች።

«ማሙሽ፣ እናትህ ከውጭ ተቀምጠዋል።»

ማሙሽ ፍጥነቱን ሲቀንስ የሞተሩ ድምፅ በሬዲዮው ወረደ።

«እሺ፣ እትዬ» አለ።

መኪናዋ ውሃ እየረጨች ገብታ ቆመች። ጎማ ቀያሪዎቹ ተሯሯጡ። እሷ በሩን ስትከፍት ከልብስ ማጠቢያ ቤት እንደሚወጣ ያለ ሞቃት እንፋሎት ፊቷን መታት። ወለሉን በመዳፏ ነካች፤ ደረቅ። ከወንበሩ ሥር እጇን ሰደደች፤ ደረቅ። ከዚያ በወንበሩና በበሩ መካከል፣ የጢስ ማውጫው ሙቀት በሚመጣበት በኩል፣ እጇ ለስላሳ፣ እርጥብና ትኩስ ነገር ውስጥ ሰመጠ።

ሳበችው። ሹራብ ነው። አመድማ፣ ክርኑ ላይ በሰማያዊ ክር የተጠቀመ። አመድማው ክር ስላለቀባት በሰማያዊ የጠቀመችው ራሷ ናት። ባሏ ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ሲበርደው የሚለብሰው፣ ከዚያ አውልቆ ጋራዡ ውስጥ የሚሰቅለው ሹራብ ነበር። እየተንጠባጠበ እንፋሎት ይወጣበታል።

«ተዪው» አለ ማሙሽ ከሄልሜቱ ውስጥ። «በናትሽ እትዬ፣ አብሮኝ ይሁን።»

«ውሃው የመጣው ከዚህ ነው።»

ወደ ኋላዋ ወረወረችው። ሲሚንቶው ላይ ጠፍ ብሎ ወደቀ። ደረቅ ጨርቅ አንስታ ጎንበስ ብላ መስታወቱን ጠረገች፤ ግራውን፣ ጥጉን፣ እንደገና ጥጉን። ክንዷ በማሙሽ ፊት እያለፈ ነበር። ከሄልሜቱ ውስጥ የሚታዩት ሁለት ዓይኖቹ ቀልተው እንባ ሞልተዋል።

«አንቺ ምንም አይሰማሽም?» አላት።

እጇ አልቆመም። «አሁን ግራው ይታይሃል?»

«ይታየኛል።»

«ወደ ደረትህ ተንፍስ። ሂድ።»

በሩን ዘጋች፤ መኪናዋ ተወርውራ ወጣች። ከጎማ ቀያሪዎቹ አንዱ ሲመለስ ሳያይ ሹራቡን ረገጠው። የቦቲው ምልክት ጥቁር ሆኖ ቀረ። አየችው። ማንሳት እንዳለባት አሰበች፣ ሰውየውን መቆጣትም እንዳለባት አሰበች። ማዳመጫዋን አስተካክላ ወደ መንገዱ ዞረች።

ማሙሽ ያጣውን ቦታ ለማስመለስ እየታገለ ሳለ፣ ሊያልቅ ሲል፣ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ያለው ጥምዝ ጋ ሁለት መኪኖች ተጋጩ። አንዱ ዞሮ ዞሮ የመንገዱን ግራ ዘግቶ ቆመ፤ መብራቱም ጠፋ። በሬዲዮ የማሙሽ ትንፋሽ ቀጥ ሲል ተሰማ። ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ አልጨፈነችም። ከውሃው ጭጋግ ውስጥ የመኪናቸው አፍንጫ በቀኝ በኩል ጥፍር በምታህል ክፍተት ሲወጣ አየች።

«አለሁ» አለ ማሙሽ።

ጋሼ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። የተጋጩት ሾፌሮችም በእግራቸው ወጡ። ማሙሽ ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ሄልሜቱን ሲያወልቅ ፀጉሩ ከራሱ ቅል ጋር ተጣብቋል። ሰው ሁሉ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ቀስ እያለ ወደ እሷ መጣ። ሹራቡን ባልዲ ላይ ይዛ እየጨመቀችው ነበር፤ የሚወጣው ውሃ ጥቁር ነው።

«ግራ በኩል ነበር የቆመው» አላት። «ቀጥ ብዬ ልገባበት ነበር።»

«አይቻለሁ።»

«እንዳይረጥብ ብዬ ነበር… ማለቴ፣ ራሴ እንዳይረጥብ ተከናንቤው መጣሁ፤ ከዚያ መጣሉ አስጠላኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ያልኩሽን እርሺው፣ እትዬ። አይሰማሽም ወይ ያልኩሽን። አፌን ቁርጥ ያድርገው።»

ሹራቡን እንደገና ጠመዘዘችው። «እውነትህን ነው የተናገርከው። አይሰማኝም። ሐዘኔ መንገድ ላይ ነው መሰለኝ፤ እንደ ወንድምህ እየተጎተተ ይሆናል።»

ማሙሽ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተበላሸበትና ግድግዳው ላይ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ። አጠገቡ ቆመች። የሚያስፈልገው ይህ ብቻ መሆኑን ገምታ ቆመች እንጂ ሌላ አልነበረም። ሲጨርስ ፎጣ ሰጠችው።

ሹራቡን በፌስታል ይዛ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣች። ዝናቡ ወደ ካፊያ ወርዷል። አማቷ እንደተቀመጡ ናቸው፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተቆልፏል። የሾፌሩን በር ከፍታ አጠገባቸው ገባች።

«ተመለሰ?»

«ተመልሷል።»

«አየ?»

«አይቷል፣ እማማ።»

አሮጊቷ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ከዚያ በፌስታሉ ውስጥ ያለው አመድማ ነገር ዓይናቸው ገባ። ሳይጠይቁ አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ሰማያዊውን ክር በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይረጥባሉ እኮ» አለቻቸው።

«ልርጠብ።»

አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ሹራቡን እንደ ሕፃን አቅፈው። እሷ የዝናቡን ጠብታ ስታይ ቆየች። የሚሉትን ነገር ጠበቀች፤ ዓይንሽ ደረቀ፣ አንጀትሽ ደረቀ፣ የመሳሰለውን። አሮጊቷ ግን በመጨረሻ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና እጃቸውን እጇ ላይ አሳረፉ።

«አንቺ አሁን እንዳታለቅሺ» አሉ። «የግድ ብለሽ እንዳታለቅሺ። እስኪመጣልሽ የአንቺንም እኔ አለቅስልሻለሁ። የማያልቅ አለኝ።»

ራሷን ነቀነቀች።

«ከጠዋት ጀምሮ ምን ቀመስሽ?»

«እንጃ።»

ከእግራቸው ሥር ካለው ዘንቢል በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ። የተቀቀለ እንቁላል ነው። ለማን እንደያዙት አልተናገሩም፤ ለሁለት ልጆች የመያዝ ልማዳቸው አልለቀቃቸው ይሆናል፣ ብዙ ነበር። አንዱን ልጠው ሰጧት። ገምጣ አላመጠች፣ ዋጠች፣ ቆም አለች።

«ጨው የለውም» አለች።

«ውይ! ጨዉን እቤት ረሳሁት ማለት ነው።»

«ጨው የለውም» አለች ደግማ። ከስንት ጊዜ ወዲህ የበላችው ነገር ጨው ይኑረው አይኑረው አላስተዋለችም ነበር፤ አሁን ማስተዋሏ ገረማት። አማቷ ይቅርታ እየጠየቁ ዘንቢሉን ሲበረብሩ፣ የቀረውን ጎረሰችና ሌላ እንቁላል አንስታ ቅርፊቱን በመሪው ጠርዝ ሰበረችው።